የጋሽ ወልደሥላሴ ባትሪ ገጣጣሚ

በ2008 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ነው። ቦንጋ ውስጥ ሬዲዮ በመጠገን የሚታወቁት ጋሽ ወልደሥላሴ ከአሮጌ ፕሪንተር የሠሩትን ማሽን ተሸክመው ወደ ቴክኒክ ኮሌጁ ሄዱ። ማሽኑ ከተጣሉ ላፕቶፖች የወጡ የባትሪ ድንጋዮችን ራሱ እየበየደ ለባጃጅ የሚሆን ባትሪ ይገጣጥማል። እዚያ የሚደረግለትን ፈተና ካለፈ የኮሌጁ ወርክሾፕ ውስጥ ይተከላል፤ ከወደቀ የሦስት ዓመት ልፋታቸው ገደል ገባ ማለት ነው።

«ጋሼ፣ ይሄ ነገር ደብዳቤ ማተም ለምዶ እንዳያስቸግረን» አለ ፈታኙ መምህር ኢያሱ። ተማሪዎቹ ሳቁ።

«እኔስ አስረስቼዋለሁ፤ እናንተ አታስታውሱት።»

ኢያሱ ስልሳውን ድንጋይ ሲደረድር አንዱን ሆን ብሎ ገለበጠው። የተገለበጠ ድንጋይ ከተበየደ እሳት ስለሆነ እጁን ከማጥፊያው ላይ አላነሳም።

ጋሽ ወልደሥላሴ በልባቸው አቡነ ዘበሰማያት ደግመው ማሽኑን አስነሱና ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጡ ጀመር። ማሽኑ ድንጋዩን አስቀድሞ በመርፌ ይነካዋል፤ አቀማመጡ ትክክል ከሆነ ጢጥ ይልና ይበይደዋል። አርባ አንድ ጊዜ ጢጥ አለ። ከዚያ ዝም ብሎ ቆመ።

«ተበላሸ» አለ አንድ ተማሪ።

«አልተበላሸም» አሉ ዓይናቸውን ሳይገልጡ። «አርባ ሁለተኛው ተገልብጧል።»

ኢያሱ ድንጋዩን አዙሮ ሲመልሰው ማሽኑ ጢጥ ብሎ እስከ ስልሳኛው ገሰገሰ።

«የገለበጥኩት እኔ ነኝ» አለ ኢያሱ፣ ጎንበስ ብሎ እጃቸውን እየጨበጠ። «ወርክሾፑ ውስጥ የቱ ጥግ ይመችዎታል?»

«ጫጫታ የሌለበት።»