ሰርቨሩን ያቆመው እጅ

እህቷን ያገባው ሰው የቢሮ አለቃዋም ነበር። ባልደረቦቹ «ፈጣኑ» ይሉታል፤ አንብቦ ሳይጨርስ ቁልፍ ስለሚጫን ነው። እሷን ደግሞ «እሜቴ» ይሏታል፤ ማንንም ስለማትለማመጥ። ሁለቱም አንድ ቤት ያድራሉ፣ ጠዋት ጠዋት በእሱ መኪና አብረው ወደ ሥራ ይሄዳሉ።

መሥሪያ ቤታቸው ሕመምተኞች የሐኪም ቀጠሮ የሚይዙበትን ድረ ገጽ ያስተዳድራል። አብዛኛውን የጻፈችው እሜቴ ናት። ኮድ በሚጽፉበት ፕሮግራም ጠርዝ ላይ ሰርቨሮቹ፣ ማለትም ድረ ገጹን የሚያንቀሳቅሱት ኮምፒውተሮች፣ በየስማቸው ተደርድረዋል፤ አንዱ የሙከራ፣ አንዱ ለእንግዳ ማሳያ፣ አንዱ ሕዝቡ የሚገለገልበት ዋናው። የሚሠራው አጠገቡ አረንጓዴ ነጥብ አለው፣ የቆመው ቀይ። ስሙ ላይ ጠቅ አድርጎ «አስነሳ» ወይም «አቁም» ማለት ነው፤ ሌላ ጣጣ የለውም። ሰውየው ግን ከዓይኑ እጁ ይቀድማል።

አንድ ቀን እሜቴ ምሳ ወጥታ ሳለች ፈጣኑ በእሷ ወንበር ተቀመጠና በእሷው ኮምፒውተር የሙከራውን አቆምኩ ብሎ ዋናውን አቆመው። ልብም ሳይል ስብሰባ ገባ። ከሰዓት በኋላ የሆስፒታሎቹ ደጃፍ በሰው ተጨናነቀ፤ ቀጠሮ ያለውም የሌለውም ተደበላለቀ። ሥራ አስኪያጇ ሁሉንም ሰብስባ «ማነው ያቆመው?» ስትል ኮምፒውተሩ ያወጣው የእሜቴን ስም ሆነ። እሜቴ ዞር ብላ የእህቷን ባል አየችው። እሱ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ልጅቷ ሰሞኑን ሐሳቧ ተበታትኗል» አለ። «ቤትም እንደዚሁ ናት።»

ሥራዋን ከመቀማቱ ይልቅ ያቺ «ቤትም» ያላት አንጀቷን አሳረረቻት። በማግስቱ ከቦታዋ ዝቅ ተደርጋ፣ ኮምፒውተሯን ተሸክማ ምድር ቤት ወረደች፤ አቤቱታ የሚቀበሉ ስልኮች ወዳሉበት ክፍል።

ለእህቷ ነገረቻት። እህቷ ልብስ እየተኮሰች ነበር፤ ቀና እንኳ አላለችም።

«ባሌ ዋሽቶኝ አያውቅም። ጥፋትሽን በሰው አታላክኪ።»

ማታ ራት ላይ ፈጣኑ ዳቦ ቆርሶ «እሜቴ፣ ብዪ እንጂ፣ ምነው ተኮሳተርሽ?» አላት። ተቀበለችው። አመሰገነችውም። በሆዷ ግን «ቆይ ብቻ» አለች።

ቂሟን እንደ ሕፃን አቅፋ ከረመች። ስትነቃ አብሯት ይነቃል፣ መኪና ውስጥ ከጎኑ ስትቀመጥ ይላወሳል። ከቦታዋ ሲያወርዷት ሰርቨሮቹን የምታዝበትን ፈቃድ መሰረዝ ማንም ትዝ አላለውም ነበር። ፕሮግራሙን በየጠዋቱ እየከፈተች ነጥቦቹን ታያቸዋለች፤ ምንም ሳትነካ ትዘጋዋለች።

ፈጣኑ ለምክትል ሥራ አስኪያጅነት ታጨ። ከመሾሙ በፊት ለትልልቅ እንግዶች ሥራውን እንዲያሳይ ተባለ፤ ገለጻውም በየሠራተኛው ኮምፒውተር እንዲተላለፍ ሆነ። እሜቴ ከታች ሆና ታየዋለች። አዲስ ከረባት አስሯል። እህቷ የመረጠችለት ነው።

«የእኛ ሥርዓት» አለ እጆቹን ዘርግቶ፣ «ለአፍታም አይቆምም።»

እሜቴ የማሳያውን ሰርቨር አቆመችው። እሱ ቢቆም የሚጎዳ ሕመምተኛ የለም። የቀረውን ለሰውየው እጅ ተወችለት።

ፈጣኑ ገጹን ሊከፍት ቢል አልከፈት አለው። ሳቀ። «ኢንተርኔቱ ነው» አለ። ደግሞ ሞከረ። ላብ ግንባሩ ላይ ችፍ አለ። በትልቁ ስክሪን ላይ፣ ሁሉም እያየ፣ የኮድ መጻፊያውን ከፈተና «አቁሞ ማስነሳት ነው፣ ቀላል ነው» እያለ ወደ ሰርቨሮቹ ሄደ። ጠቅ አደረገ። ዋናው አጠገብ ያለው አረንጓዴ ነጥብ ቀይ ሆነ።

ምድር ቤት ስልኮቹ ተከታትለው ይጮኹ ጀመር።

እሱ አሁንም ገጹን እየደጋገመ ይከፍታል። መነጽር ያደረጉ አንዲት እንግዳ እጃቸውን አነሱ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ አሁን ያቆሙት ላይ እኮ 'ዋናው' ይላል።»

አብዛኛውን የጻፈችው እሷ ናትና እሜቴን ከላይ ጠሯት። ደረጃውን ቀስ ብላ ወጣች፤ ስልኮቹ ከኋላዋ እየጮኹ፣ አንዱን ሳታነሳ። አዳራሽ ገብታ እሱን በእጇ ገፋ አደረገችና ዋናውን አስነሳችው።

«ያን ጊዜም እንዲህ ነበር የሆነው» አለች።

«የትኛው ጊዜ?» አለች ሥራ አስኪያጇ።

«ራሱ ይንገርዎት።»

ፈጣኑ ከረባቱን ነካካ፣ አንድ ነገር አጉተመተመ።

«አልተሰማም፣ ጋሼ» አለችው እሜቴ። እቤት የምትጠራበት ስም ነው።

«እኔ ነኝ!» አለ። «በእሷ ወንበር ተቀምጬ… እኔ ነኝ ያቆምኩት።»

የፊቱን መገርጣት አይታ ጠገበች። ሥራ አስኪያጇ ግን ሞኝ አይደለችም። «የማሳያውንስ ማን አቆመው?» አለች።

«እሱን እኔ ነኝ» አለች እሜቴ ዓይኗን ሳትሰብር። ወዲያውኑ ከሥራ አባረሯት። ፈጣኑ ሹመቱ ቀረበት፤ ወደ ምድር ቤት የወረደውም እሱ ሆነ።

ቤት ስትደርስ እሱ መኝታ ቤቱን ዘግቶ ተቀምጧል። እህቷ ሳሎን ውስጥ ቆማ ጠበቀቻት።

«ያን ጊዜም እሱ ነበር?»

«ነግሬሽ ነበር እኮ።»

«ነግረሽኛል።» እህቷ እጇን አፏ ላይ አደረገች። «ዛሬ ግን ደስ ብሎሽ ነው የመጣሽው፤ አይደል?»

«አዎ። ደስ ብሎኝ ነው።»

«እሺ፣ አንቺስ የልብሽ ደረሰ። እዚህ ቤት ውስጥ ከእሱ ጋር የምኖረው እኔ አይደለሁም እንዴ? ለብቻዬ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?»

«ለብቻሽማ ነገርኩሽ፣ እህቴ። ልብስ ትተኩሺ ነበር።»

እሜቴ ልብሷን ሻንጣ ውስጥ ከተተች። ዚፑ እንቢ ሲላት እህቷ ጎንበስ ብላ በጉልበቷ ተጫነችላትና ዘጋችላት። እስከ ታክሲው ግን አልሸኘቻትም።