የዳለቻ ጆሮ

በ2006 ዓ.ም. ሐምሌ ሲገባ ዳለቻ የሚባለው በሬዬ ጎርፍ የቆፈረው ቦረቦር ውስጥ ወድቆ ወገቡ ተሰበረ። የነበሩኝ በሬዎች ሁለት ናቸው፤ የቀረው ብቻውን አያርስም። የእኛ የራያ መሬት ደግሞ በወቅቱ ካልተዘራ ዓመቱን ሙሉ ያስርባል።

ዳለቻ ኢንሹራንስ የገባ በሬ ነበር፤ ጆሮው ላይ ቢጫ ቁጥር ተሰክቶለታል። ሲያስፈርሙኝ "ከሞተ ጆሮውን ከነቁጥሩ አምጪ" አሉኝ። ስሜን ጻፍኩ፤ እሱን እችላለሁ።

ነፍሱ ሳትወጣ ጎረቤቴ አሊ ቢላዋውን ይዞ ደረሰ፤ ቢስሚላሂ ብሎ አረደው። በክት ሆኖ ለጅብ ከሚቀር ብለን ሥጋውን ለመንደሩ አከፋፈልን። ቆዳውን ነጋዴ ወሰደው፣ አጥንቱን ውሻ ተሻማው። እኔ ጆሮውን ጨው ነስንሼ አስቀመጥኩ።

በማግስቱ የኢንሹራንሱ ገማች ዒምራን ከቆቦ በባጃጅ መጣ።

"እትዬ ኡሙሃኒ፣ ሙቀቱ ገደለኝ!"

እንግዳ ነውና ከወሬው በፊት ጥብስ አቀረብኩለት። በላ። ተጨመረለት፣ በላ። ለሚስቱ ለሀናንም በፌስታል ቋጠርኩለት። ከዚያ ቦረቦሩን ፎቶ አንስቶ ሄደ።

ከሳምንት በኋላ ቢሮ ጠሩኝ። ሥራ አስኪያጁ ይድነቃቸው ይባላል፤ በዕድሜ ልጄ ነው። ጆሮውን ጠረጴዛው ላይ ሳስቀምጥለት ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ።

"እናቴ፣ ውላችን ለሞተ በሬ ነው። ይሄ ታርዷል።"

"ታርዶ ያልሞተ በሬ አይተሃል?"

"እሺ፣ ሊሞት ሲል ከታረደ ይፈቀዳል" አለ ውሉን እያገላበጠ። "ግን ቅሪቱን ሰዋችን ማየት አለበት፤ ቅሪቱ የኩባንያው ንብረት ነው። ሪፖርቱ ደግሞ 'ቦታው ድረስ ሄጄ ምንም ቅሪት አላየሁም' ይላል። ይሄ ጆሮ የሚያረጋግጠው ጆሮ መቆረጡን ብቻ ነው። በሬው ባንድ ጆሮው ዋጃ ተሽጦ ሄዶ እያረሰ ቢሆንስ?"

"ማነው የጻፈው?"

"ዒምራን።"

ዒምራን ጥግ ላይ ተቀምጦ፣ እጁ ላይ ያለውን እስክሪብቶ ኪሱ ውስጥ ይፈልጋል።

"ዒምራን ልጄ፣ ያን ቀን እኔ ቤት ምን በላህ?"

"ምሳ።"

"የምን ምሳ?"

"ሥጋ ነገር..."

"የማን ሥጋ?"

"በምን አውቃለሁ እትዬ? ጥብስ ላይ ቁጥር አይሰካ!"

"ቁጥሩማ ይኸው፣ ጠረጴዛው ላይ።"

ይድነቃቸው መነጽሩን አወለቀ። "በልተኸዋል?"

"እንግዳ ነኝ፤ የቀረበልኝን ነው የበላሁት።"

"በፌስታል የሄደውስ?" አልኩ። "ሀናንን እንጥራት?"

"ኧረ በአላህ እትዬ፣ እሷን ተያት!"

ይድነቃቸው ውሉን እንደገና ከላይ እስከ ታች አነበበ። አጠፈውና "ቅሪቱ የኩባንያው ነው። የኩባንያው ሰው በልቶታል" አለ። "እንግዲህ ተረክበናል ማለት ነው። ዒምራን፣ ሪፖርቱን አስተካክል።"

ዒምራን ላቡን እየጠረገ ጻፈና አነበበ፦ "ቅሪቱን በአካል ተገኝቼ፣ ሁለት ጊዜ ቀርቦልኝ መርምሬያለሁ።"

"መሞቱንስ አረጋግጠሃል?"

"በደንብ በስሎ ነበር።"

ካሳው ሐምሌ ሳያልቅ ደረሰልኝ። ከቆቦ ገበያ በሬ ገዛሁ፣ ማሽላዬንም ዘራሁ። ለአዲሱ በሬ ቁጥር ሊሰካ የመጣው ያው ዒምራን ነው፤ ምሳውን ከቤቱ ቋጥሮ። ውሃ ስሰጠው እንኳ፣ ብርጭቆውን እንደያዘ ዞር ብሎ በሬው በእግሩ መቆሙን አየና ነው የጠጣው።