ከአሰብ የወጣችው መርከብ

«ለሕሩይ ምስር ጨምሩለት! ጉሮሮው ሳይደርቅበት» አለች ሙሉመቤት። ሐዘንተኛ ተነስቶ አያስተናግድም ብለው ስላስቀመጧት ከአፏ በቀር የምታዝዘው ነገር አልነበራትም።

ሕሩይ ግን አልበላም። ከሟቹ ባሏ ከሊባኖስ ጋር ባሕር ኃይል ያገለገለ፣ ለለቅሶው ከዮተቦሪ ከተማ የመጣ ሰው ነው። ሳህኑን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ለልጅ ልጇ ለያኔት ያወራል። እሷ በስዊድንኛ ትጠይቃለች፤ እሱ በአማርኛ ይመልሳል።

«አሮጊት ነበረች መርከባችን። በዓለም ጦርነት ጊዜ በዚያ በረዷማ ውቅያኖስ የእህልና የነዳጅ መርከቦችን ስታጅብ ኖራ፣ ሁለቴ ቆስላ፣ ጡረታ ልትወጣ ስትል ለእኛ ደረሰች። እኛም ያንኑ ሥራ ሰጠናት፤ ከአሰብ ምጽዋ ጭነት ማጀብ። አያትሽ የገመድ አለቃ ነበር። እሱ ፍቱ ካላለ ከወደብ ንቅንቅ የለም።»

«ሞርፋር?» አለች ያኔት፣ አያቷን በስዊድንኛ ጠርታ። «እሱ ባሕር ይጠላ አልነበር እንዴ?»

ይጠላ ነበር። ስቶክሆልም የገቡ ሰሞን ሪንከቢ የሚባለውን ሰፈር የመረጠው ባቡሩ በመሬት ውስጥ ስለሚሄድ፣ ውሃ ስለማያሳይ ነው። ልጆቹ በበጋ ጀልባ እንሳፈር ሲሉት ጥርሱን ያመዋል። ሙሉመቤት ምክንያቱን ያወቀችው አንድ የፋሲካ ማግስት ነው። ጓደኛዋ ከበደች ከብሬዴንግ ሰፈር ድረስ ዶሮ ወጥ ይዛላቸው መጥታ፣ ስቃ አስቃቸው ሄደች። በሩ ሲዘጋ ሊባኖስ «የዚችን ሴት ወንድም እኔ ነኝ ያስቀረሁት» አለ። «ገመዳ ሞቷል።»

ከዚያ ቀን ወዲህ ሙሉመቤት ዘብ ሆነች። የባሕር ኃይል ሰው በመጣ ቁጥር ወሬ ታስለውጣለች፤ ባሏ እንዳይጠላ፣ ጓደኛዋም እንዳትሰበር። ከበደች ደግሞ መርዶ ስላልደረሳት አልቅሳ አታውቅም። በሰው ለቅሶ ቤት ሁሉም የየራሱን ሙት እያነሳ ሲያለቅስ፣ እሷ በሕይወት ላለ ሰው ማልቀስ ሟርት ነው ብላ ወደ ጓዳ ትገባለች።

አሁንም ከጓዳ ሻይ ይዛ ብቅ አለች።

«ያኔትዬ፣ በቃ፣ ጋሼን አታድክሚው!» አለች ሙሉመቤት ተቁነጥንጣ።

«አንድ ብቻ፣ ሞርሞር» አለች ያኔት ለሴት አያቷ። «መርከቧ መጨረሻዋ ምን ሆነ?»

«ተዪያት እትዬ ሙሉ፣ ትወቅ እንጂ» አለ ሕሩይ። «በሰማንያ ሦስት፣ አሰብ ሊያዝ ሲል ወጣን። ሰው ወደ መርከቧ እንደ ጎርፍ መጣ። የኋላው ገመድ አልፈታ ስላለ ገመዳ ዘሎ ወርዶ ሲታገል፣ አዛዡ ‹ቁረጠው!› አለ። ሊባኖስ በመጥረቢያ ቆረጠው። ገመዳ እንደገና ሊሳፈር ዘለለ፤ ከመርከቧና ከድንጋዩ መሐል ገባ።» ወደ ከበደች ዞሮ አንገቱን ደፋ። «ነፍሱን ይማረው። እኛን አትርፎ ነው የሄደው። መርከቧም የመን ደርሳ ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች።»



«ማነው... ነፍሱን የሚማረው?» አለች ከበደች።

ሕሩይ ደነገጠ። «መርዶ ደርሷት የለም እንዴ? ሊባኖስ እኮ ነግሬያታለሁ ብሎኝ...»

መርዶ እንዲህ አይነገርም። ዘመድ ተጠርቶ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ማልዶ በር ተንኳኩቶ ነው። በሰው ለቅሶ ላይ፣ ሻይ በእጅ ይዞ አይደለም።

ከበደች ሻዩን መሬት አስቀመጠች። «ሙሉ፣ አንቺ ታውቂ ነበር?»

ውሸቱ እንደ ወትሮው ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። ሙሉመቤት የያኔትን ዓይን አየች፤ ዋጠችው። «አውቅ ነበር።»

«በየልደታው ‹በደኅና አምጣልኝ› ስል አጠገቤ ቆመሽ... አሜን ብለሻል።»

«ብያለሁ።»

«ለሞተ ሰው?»

ከበደች ልትሄድ ወደ በሩ ዞረች፤ ግን አልወጣችም። ሙሉመቤት የተቀመጠችበት ፍራሽ ጫፍ ላይ ጀርባዋን ሰጥታት ዘጭ አለች። ከዚያ በዚህ ቤት ማንም ሰምቶት የማያውቅ ድምፅ ከውስጧ ወጣ። «ወንድሜ! ገመዳዬ!»

በሩ ተከፈተ። ከዩልስታ ሰፈር የመጡ ለቀስተኞች ገቡ። ልቅሶውን ሰምተው ለሊባኖስ መስሏቸው አብረው አለቀሱ። ፊት የቀደመው ሽማግሌ ወደ ሙሉመቤት አጎንብሶ «እግዜር ያጥናሽ» ሲል እጁን ዘረጋ።

ሙሉመቤት እጁን በሁለት እጇ ያዘችው፤ ግን አልጨበጠችውም። ቀስ አድርጋ ወደ ከበደች አዞረችው።