ኮሌታ ሰፊዋ ጭፈራ ስትማር

ኮሌታ ሰፊዋ በልብስ ፋብሪካው አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስትሠራ ድምጿ ከስፌት መኪናዋ ድምፅ በላይ ወጥቶ አያውቅም። የክፍል ኃላፊዋ የድጋፍ ቡድኑን ዝርዝር ግድግዳ ላይ ስትለጥፍ ሰፊዋ የራሷን ስም ሦስተኛ ተራ ላይ አየችና፣ ተሳስተው ነው ብላ ደግማ አነበበችው። እሑድ የስፌት ክፍልና የማሸጊያ ክፍል በእግር ኳስ ይጋጠማሉ፤ ከየክፍሉ ስምንት ሴቶች ሜዳው ዳር ተሰልፈው፣ እጃቸውን እኩል እያነሱ ይጮኻሉ።

"እኔ በዚህ ዕድሜዬ?" አለች።

"እትዬ፣ የሚጮኸው አፍ እንጂ ዕድሜ አይደለም" አለቻት ኃላፊዋ። ክፍሉ በሳቅ አውካካ።

ዕድሜው ግን ሰበብ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት የልጇ ትምህርት ቤት የስፖርት ውድድር አዘጋጅቶ፣ ከሥራ በቀጥታ ልታይ ሄዳ ነበር። ያኔ አሥራ አራት ዓመቷ የነበረችው ልጅ ከደጋፊዎቹ ሁሉ ፊት ቆማ፣ ክንዶቿን ወደ ላይ ከፍታ ታስጮኻለች። ከእናትየዋ ኋላ የተቀመጠ ሰውዬ "የማን ልጅ ናት ይቺ ዓይናውጣ?" አለ። ይሄኔ ደሟ ፈላ። ሜዳውን ሰንጥቃ ገባችና ልጇን ክንዷን ጨምድዳ እየጎተተች አወጣቻት። ትምህርት ቤቱ ሁሉ ጸጥ ብሎ አየ።

ልጅቷ አላለቀሰችም። ከቡድኑ ወጣች፤ ስለ ነገሩም ትንፍሽ ሳትል ቀረች። እናትየዋ ግን ቀን በገፋ ቁጥር ጥፋቷ እየገዘፈባት ሄደ። ይቅርታ ልትል አፏን ትከፍትና "ደብተርሽን ከጠረጴዛው ላይ አንሺ" ብላ ትዘጋዋለች። ታዲያ አሁን በምን ፊቷ አስተምሪኝ ትበላት?

አላለቻትም። ማክሰኞ ከሥራ እንደተመለሰች መኝታ ቤት ገብታ ከቁም ሳጥኑ መስታወት ፊት ቆመች። "ስ! ፌ! ት!" ትላለች በሹክሹክታ፤ በየፊደሉ እጇን ታወናጭፋለች። ሦስተኛው ላይ ክንዷ ከመጋረጃው ጋር ተጠላለፈ። እሱን ስታላቅቅ መስታወቱ ውስጥ ልጇን አየቻት። በሩን ገርበብ አድርጋ ቆማለች።

እናትየዋ ፊቷ በርበሬ መሰለ። "የፋብሪካ ነገር ነው… አዘውኝ እኮ ነው።"

ልጅቷ የእናቷን ጡጫ ተመለከተች። "አውራ ጣትሽን ጡጫሽ ውስጥ አትደብቂ" አለች። "የእጅ አንጓሽም አይታጠፍ። አሁን እኮ ልብስ የምታሰጪ ነው የምትመስዪው።"

እንዲህ ተጀመረ። ስ ላይ ሁለቱም እጅ ወደ ላይ ይከፈታል፤ ፌ ላይ ወደ ጎን ቀጥ ይላል፤ ት ላይ ጡጫ ወገብ ላይ ያርፋል። ከዚያ ሁለት ጭብጨባ፣ ቀጥሎም "ክራችን አይበጠስም!"። ልጅቷ አትስቅም፣ አትቆጣም፤ እንደ ፈታኝ "እንደገና" ትላለች፣ በቃ። ሐሙስ ዕለት የእናትየዋ ግራ ክንድ አልቀና አለ። ልጅቷ ቀረብ ብላ ከክርኗ በላይ ያዘቻት፤ ያን ዕለት እሷ ራሷ በተያዘችበት በዚያው ቦታ። ግን በሁለት ጣት፣ ቀስ ብላ ነበር ያቃናችው።

"ልጄ፣ ያን ዕለት እኮ እኔ…"

"ቆጠራው ይጠፋሻል እማ። ከአንድ ጀምሪ።"

እሑድ ሜዳው ጢም ብሎ ሞላ። የመጀመሪያው ጭፈራ እንከን አልነበረውም። ሁለተኛው ላይ ኮሌታ ሰፊዋ ቀና ብላ ልጇን ከአጥሩ ሥር ቆማ አየቻት። እመጣለሁ አላለቻትም ነበር። ቆጠራው ከጭንቅላቷ ብን አለ። ሰባቱ ሴቶች ጡጫቸውን ወገባቸው ላይ ሲያሳርፉ የእሷ ሁለት እጆች እላይ ቀሩ። "እትዬ፣ ሰማይ ላይ ተሰፉ እንዴ?" አለ ከማሸጊያ ክፍል በኩል አንዱ፤ ሜዳው በሳቅ ተናወጠ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች። ሳቁ ጆሮዋ ላይ እየጮኸ፣ ያኔ ጸጥ ብሎ ያያቸው ትምህርት ቤት ትዝ አላት። ልጄ በአሥራ አራት ዓመቷ ይህን ቻለችው? አለች በልቧ። ያውም በእናቷ እጅ?

ስፌት ክፍል ሦስት ለባዶ ተሸነፈ። ልጅቷ ውሃ ይዛ ስትመጣ የክፍሉ ሴቶች ከበቧት። "እትዬን ያስተማረቻቸው እሷ ናት? አንቺስ ለምን አትጨፍሪም?" አለች ኃላፊዋ።

ልጅቷ አቀረቀረች። ኮሌታ ሰፊዋ ውሃውን ሳትቀምስ መሬት ላይ አስቀመጠችው።

"ትጨፍር ነበር" አለች። "ከሰው ፊት ጎትቼ ያስወጣኋት እኔ ነኝ። ምንም ያጠፋችው የለም። አጥፊዋ እኔ ነኝ።"

"እማ! ሰው ይሰማል እኮ።"

"ይስማ። ያኔም ሰው እያየ ነበር።"

ሴቶቹ አንድ በአንድ ዞር ዞር አሉ። እናትና ልጅ ወደ ቤት መንገድ ጀመሩ። ልጅቷ ጥቂት እርምጃ ቀድማ ትሄዳለች፤ እናትየዋም ልድረስባት አላለችም። ከአስፋልቱ ዳር ያለው ፋርማሲ ጋ ሲደርሱ ልጅቷ ቆመች፤ ወደ ኋላ ግን አልዞረችም።

"ያቺን ቃል ሁለት ዓመት ጠብቄያታለሁ" አለች።

"አውቃለሁ።"

"ንዴቱ ገና አልበረደልኝም።"

"እሱንም አውቃለሁ፣ የኔ ልጅ።"

ልጅቷ ዓይኗን በእጅጌዋ ጠረገችና መንገዱን አብረው ተሻገሩ።