ሰማንያው ሳይሞላ

በዓላት፥ አንባቢ ሆይ፥ ለሰው ልጅ የተሰጡት ልቡናው ከዕለት ድካም ዐርፎ ወደ ላይ እንዲመለከት ነው፤ ነገር ግን ለበዓል የሚደክም በበዓል አያርፍም፥ ለሌላው የደስታን ማዕድ የሚዘረጋ እጅም ብዙ ጊዜ ከማዕዱ ሳይቀምስ ይታጠባል። ክፉ ሥራ ሁሉ በክፉ ሰው እጅ ብቻ የሚሠራ ቢሆን ኖሮ ከእርሱ መሸሽ ቀላል በሆነ ነበር፤ ዳሩ ግን በቅንዓትና በትጋት መካከል፥ በጾምና በጸሎት መካከል፥ ነጭ ልብስ ለብሶ የሚሠራ በደል አለ፤ እርሱም ሲሠራ ድምፅ የለውም፥ ከተሠራም በኋላ ሕመሙ ፈጥኖ አይሰማም። በወጣቷ መምህርት በስኂን ላይ የደረሰው እንዲህ ያለው ነው።

ስኂን ከደጋ ካህናት ወገን ተወልዳ፥ ከአባቷ እግር ሥር ንባብና ዜማ እየሰማች አድጋ፥ በሃያ ስድስት ዓመቷ አንድ መንፈሳዊ ማኅበር ወንጌልን እንድታስተምር ወደ ኦሞ ቆላ፥ ዘልባ ወደምትባል መንደር የላካት መልእክተኛ ነበረች። በዘልባ ከሣር የተሠራ አንድ ጸሎት ቤት እንጂ ታቦት ያለበት ቤተ ክርስቲያን አልነበረም፤ ካህኑም የሁለት ቀን መንገድ በበቅሎ ተጉዞ የሚመጣው በዓመት ሁለት ጊዜ፥ ለጥምቀትና ለፋሲካ ብቻ ነበር። ስለዚህ ከልደት እስከ አስተርእዮ ማርያም ያለው ወራት ለሌላው የዕረፍት፥ ለእርስዋ የድካም ወራት ሆነ። ማለዳ ጸሎት ታደርሳለች፤ ከዚያ ሊጠመቁ የተዘጋጁትን ሠላሳ አንድ ሰዎች ከግራሩ ጥላ ሥር ሰብስባ ጸሎተ ሃይማኖትን ቃል በቃል ታስጠናለች፤ ቀትር ላይ ዓይናቸው የታመመውን በጨው ውሃ ታጥባለች፤ ከዚያም ከአቡጀዲ የጥምቀት ቀሚስ ትሰፋለች፤ ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ደግሞ በየተጠማቂው አንገት የሚታሰረውን ማዕተብ፥ ጥጡን ራስዋ ፈትላ፥ ክሩን ራስዋ ትገምዳለች።

ጸሎት ቤቱን የከበበ የእሾህ አጥር ነበር፤ ያሳጠረችውም ስኂን ናት። ከዚያ አጥር ውጭ በየቀኑ የምትቀመጥ፥ የአናጢው የካንሳ ሚስት ባሎቴ፥ በኅዳር ሁለት ቀን ሴት ልጅ ወልዳ ነበርና፥ ሥርዓቱም ሴት የወለደችን እናት እስከ ሰማንያ ቀን ከቅጥር ስለማያስገባ፥ ሴት ሕፃንንም በሰማንያ ቀኗ እንጂ አስቀድሞ ስለማያስጠምቅ፥ ልጇን ታቅፋ ትምህርቱን በእሾህ መካከል ትሰማ ነበር። ቀኑ እንዳይጠፋባት በየማለዳው በአንድ ገመድ ላይ አንድ ቋጠሮ ትቋጥራለች። አንደበቷ ግን አጥር አልነበረውም። «መምህርት!» ትላለች፥ «ገነትም እንዲህ ያለ እሾህ አላት?» ስኂን ቀና ሳትል፥ «ገነትን ኪሩቤል ይጠብቃታል፤ ዝም ብለሽ ስሚ» ትላታለች። «እሱ ይሻላል፤ ኪሩቤል ልብስ አይቀድም! ደግሞስ ለሠላሳ አንድ ሰው ክር ስትፈትዪ፥ ለራስሽ አንድ ባል ሳትፈትዪ ልታረጂ ነው?» ተማሪዎቹ በሙሉ ይስቃሉ፤ ስኂንም ፊቷን ወደ እንዝርቷ ደፍታ ትስቃለች። ማንም ሳያያትም፥ ለፋሲካ እንዲደርስ ብላ፥ ሠላሳ ሁለተኛ ክር፥ አጭርና ቀጭን፥ ለሕፃኗ ገመደች፤ ከተጠማቂዎቹ መዝገብም መጨረሻ ያወጣችላትን ስም ጻፈች።

አሁን፥ አንባቢ ሆይ፥ ስኂንን ቀን ከሌት ያስፈራት የነበረውን ነገር ማወቅ ይገባሃል። ባለፈው ዓመት ጥምቀት አንድ ሽማግሌ ከወንዙ በወጡ በሳምንቱ በሳንባ ሕመም ሞቱ፤ በዘልባም፥ «ውሃው ገደላቸው» የሚል ወሬ ተነሥቶ፥ ለመጠመቅ ቃል የገቡ ዐሥራ ሁለት ቤተሰቦች በአንድ ቀን ተበተኑ። ከማኅበሩም፥ «እንዲህ ያለ ነገር እንዳይደገም ተጠንቀቂ» የሚል አጭር ደብዳቤ መጣላት። ዓመት ሙሉ ከቤት ወደ ቤት ተመላልሳ፥ ስድብም ውሻም ታግሣ፥ እነዚህን ሠላሳ አንድ ሰዎች መልሳ የሰበሰበችው ከዚያ ወሬ ፍርስራሽ ላይ ነበር።

በከተራ ዕለት ማለዳ ባሎቴ ወደ አጥሩ ቀርባ፥ «መምህርት፥ ዛሬ ቀልድ የለኝም» አለች። «ከትናንት ጀምሮ ጡት አልያዘችም። ደረቷ እንደ ወናፍ ይላል። ነገ ከሰዎቹ ጋር ወደ ውሃው አስገቢያት፤ እኔ ከውጭ ልቁም፥ እሷ ብቻ ትግባ።» ስኂን እጇን በእሾሁ መካከል አሳልፋ የሕፃኗን ግንባር ዳሰሰች፤ እንደ ፍም ይፋጃል። ለሞት የቀረበ ሕፃን ቀኑ ሳይሞላ እንዲጠመቅ የሥርዓቱ መጽሐፍ በግልጥ እንደሚፈቅድ ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቅ ነበር፤ አባቷ እንዲህ ላሉ ሕፃናት በጭለማና በዝናብ ሲወጡ አይታለች። ያን ጊዜ ግን በዓይነ ልቡናዋ የታያት ሕፃኗ ከውሃ ወጥታ በእናቷ እቅፍ ስትሞት፥ ሠላሳ አንዱም ነጭ ቀሚሳቸውን ጥለው ሲሄዱ ነበር። «ካህኑን እጠይቃለሁ» ብላ ተስፋ ሰጠቻት።

ከሰዓት በኋላ ካህኑ መምሬ አክሊሉ ደረሱ፤ እግራቸውን ታጥበው በግራሩ ሥር በተጠማቂዎቹ መካከል እንደ ተቀመጡም፥ «ልጄ፥ ከአጥሩ ሥር ያለችው አራስ ማን ናት?» ሲሉ ጠየቁ። «ባሎቴ ናት፥ አባ፤ የካንሳ ሚስት።» «ሕፃኗስ ስንት ቀኗ ነው?» «ነገ ሰባ ይሆናታል፤ ዐሥር ቀን ይቀራታል።» «ጤናዋስ? ስታቃስት የሰማሁ መሰለኝ።» ሠላሳ አንዱም ሰዎች ያዳምጡ ነበር። ስኂን ወደ እነርሱ ተመለከተች፤ ከዚያም በለሰለሰና በረጋ ድምፅ፥ «ትንሽ ጉንፋን ነው፥ አባ፤ የማለዳ ብርድ» አለች። «እንግዲያስ ለፋሲካ በደኅና ያድርሳት» አሉ መምሬ፥ ወደ ሌላም ነገር ተሻገሩ።

በማግሥቱ ጥምቀቱ ያለ አንዳች እንከን ተፈጸመ፤ ሠላሳ አንዱ በእልልታ ወደ ወንዙ ገቡ፥ በእልልታ ወጡ፥ ሠላሳ አንዱም ክር ታሰረ። ጥር ዐሥራ ሦስት ቀን መምሬ አክሊሉ በቅሏቸውን ጭነው ሄዱ፤ በዐሥራ አራት ቀን ጎሕ ሲቀድ ሕፃኗ ሞተች። ያልተጠመቀ ሕፃን ፍትሐት ስለማይደረግለት፥ ከምእመናንም መቃብር ስለማይቀበር፥ አባትዋ ካንሳ በሠራው ትንሽ ሣጥን አድርጎ ከወንዙ ማዶ፥ ከአንድ ሾላ ሥር ብቻውን ቀበራት። ወሬም አልተነሣ፥ ሰውም አልተበተነ፤ ስኂን የፈራችው ሁሉ አልሆነም። ዜናውን በሰማች ጊዜ ቀሚስ ታጥብ ነበር፤ ያን ቀሚስ አጥባ ጨመቀች፥ ሌላውንም አጥባ ጨመቀች፥ አሰጣቻቸው። ልቅሶ ልትደርስ ሄዳ ከሴቶቹ መካከል ተቀመጠች፤ እንባም ጠበቀች፥ አልመጣም። በቀጠሉት ቀናት አስተማረች፥ ዓይን አጠበች፥ ጥጥ ፈተለች፤ እሾህ ጣቷን ሲወጋት ደሙን አየች እንጂ ሕመሙ አልተሰማትም። ማታ ማታ ጸሎቷን አንድ ቃል ሳታጎድል ትደግማለች፤ ቃሉም ውሃ በድንጋይ ላይ እንደሚያልፍ ያልፋል።

ጥር ሃያ አንድ፥ በአስተርእዮ ማርያም ዕለት፥ ባሎቴ ሰውነቷን ታጥባ፥ ነጭ ነጠላ ለብሳ፥ በአጥሩ በር ቆመች። «ዛሬ ሰማንያ ነው» አለች ገመዷን እያሳየች። «ከሞተችም በኋላ መቋጠሩን አልተውኩም። ልግባ?» ስኂን በሩን ከፈተችላት። ባሎቴ እንደ ገባች የቅጥሩን ውስጥ ዞር ዞር ብላ አየችና፥ «ይኸው ነው እንዴ?» አለች። ቀጥላም፥ «ስም አውጥተሽላት ነበር?» ብላ ጠየቀች። «ወለተ ኪዳን» አለቻት ስኂን። ባሎቴ ስሙን ምላሷ እስኪለምደው ድረስ ሁለት ሦስት ጊዜ ደገመችው። ያን ጊዜ ስኂን፥ «ባሎቴ፥ ስሚኝ» አለች። «ለሞት የደረሰ ሕፃን ቀኑ ሳይሞላ እንዲጠመቅ መጽሐፉ ይፈቅዳል። አውቅ ነበር። ለመምሬ ጉንፋን ነው ያልኳቸው ሰዉ እንዳይሸሽ ብዬ ነው።» ባሎቴ ገመዷን በእጇ እያሻሸች፥ «ስትነግሪያቸው ሰምቼሻለሁ» አለች፤ «እሾህ ድምፅ አይከለክልም።» «ሰምተሽ ስለ ምን አልጮህሽም?» «ምን ብዬ ልጩህ? የተማርሽ አንቺ ነሽ። ጉንፋን ነው ስትይ አመንኩሽ። ያን ማታ ደስ ብሎኝ ተኛሁ።»

አልረገመችም፥ አላለቀሰችም። ስኂን አጭሩን ክር ከመዝገቡ መካከል አውጥታ ሰጠቻት፤ ባሎቴም ተቀብላ፥ ቋጠሮ የሞላውን ገመድ፥ ከእንግዲህ እንደማይፈለግ ዕቃ፥ በበሩ እንጨት ላይ ሰቀለችው፤ ሄዳም ከተማሪዎቹ መካከል በምድር ላይ ተቀመጠችና፥ «በሉ፤ ከየት ነው የምንጀምረው?» አለች። ስኂን ገመዱን አነሣች። ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳሰሰችው፤ ከዚያም ቋጠሮውን አንድ በአንድ ፈትታ፥ ሲያልቅ አንድ አዲስ ቋጠሮ ቋጠረችበት፥ ከበሩም ወጣች። የዚያን ዕለት ትምህርት ባሎቴ ትቀመጥበት ከነበረው ስፍራ ቆማ፥ በእሾህ መካከል ሰጠች። በማግሥቱም እንዲሁ አደረገች፥ በሣልስቱም፤ ሰዎቹ መጀመሪያ ተገረሙ፥ ኋላ ለመዱት።

ለፋሲካ መምሬ አክሊሉ ሲመለሱ፥ ባሎቴ የልጇን ስም ለራስዋ ለምና ወለተ ኪዳን ተብላ ተጠመቀች፤ አጭሩ ክር አንገቷን ስላልዞረ በእጇ አንጓ አሰረችው። መምሬም መምህርቷን ከአጥሩ ውጭ ቆማ ባገኟት ጊዜ፥ «ልጄ፥ በትንሣኤ ቀን እዚያ ምን ያቆምሻል? ግቢ እንጂ» አሏት። ስኂን የገመዷን ቋጠሮ በጣቶቿ እየቆጠረች፥ ያለ ኀዘንና ያለ ደስታ ድምፅ፥ «ሰማንያዬ አልሞላም፥ አባ» ብላ መለሰች። የመቅደስን ስም ለመጠበቅ ሲል ሕፃንን ከደጅ የሚያቆም ሰው ስሙን ይጠብቅ ይሆናል፤ መቅደሱን ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ራሱ ከደጅ ሆኖ ያየዋል።