ትል ያልነካው ቅጠል

ሂዳያ ሙዘይን ያንን ቁጥቋጦ የመረጠችው ትል ስለሚበላው ነው። መድኃኒት ፈላጊው ሁሉ ያማረ ቅጠል ሲለቅም፣ ዕፅዋትና ነፍሳት እንዴት እንደሚኗኗሩ ስታጠና የኖረችው ሂዳያ የተበሳሳውን አነሳች። ቅጠሉ ቁስል የሚያደርቀውን ነገር የሚሠራው ትል ሲነክሰው ብቻ ነው፤ ካልነኩትማ ምን ቆርጦት ይለፋል? ይህን በቤተ ሙከራ አረጋግጣለች። ለአባቷ ግን አልነገረችም። በስልክ ያለችው፣ «አባ፣ የመድኃኒት ፋብሪካ ሰዎች ይዤ እመጣለሁ፤ ቁጥቋጦውን አደራ» ብቻ ነው።

ከሐይቅ ከተማ በላይ፣ አምባሰል ተዳፋት ላይ ያለው፣ ቁጥቋጦው የሚበቅልበት ጥሻ ለድንጋይ ካባ ተፈልጓል። የመንደሩ ምንጭ የሚፈልቀው ከሥሩ ነው። ቅጠሉ መድኃኒት ከወጣው ጥሻው ይከለላል፤ ካልወጣው በድማሚት ይናዳል።

እንግዶቹን ይዛ ስትደርስ አባቷ ሙዘይን አዲስ ሽርጡን አገልድሞ ጠበቃት።

«አልሐምዱሊላህ! ወር ሙሉ አገሩ በደቦ ወጥቶ ትል ሲለቅም ከረመ። ጎረቤታችን ባዬ እንኳ በዚያ በሚያመው ወገቡ አልቀረም። አንዲት ትል ካገኘሽ ከምላሴ ጠጉር ንቀይ!»

ቅጠሉ አንድ ቀዳዳ የለበትም፤ ለሰርግ የተሰናዳ ይመስላል። ጎረቤቶቿ ሂዳያን በኩራት ከበው እያዩዋት ነው፤ ምን ብላ ትንገራቸው? የእንግዶቹን መሪ አንዳርጋቸውን ወደ ጎን ወሰደችው።

«ይሄ አሁን ባዶ ነው። ትሉ እስኪመለስ፣ ክረምቱ እስኪገባ እንታገስ።»

«ለትል ቀጠሮ እንስጥ ነው የምትዪኝ?» ብሎ ሳቀ። ያ ሳቅ ዛሬም ያንገበግባታል። ቅጠሉን በከረጢት ሞልተው ሄዱ።

ምርመራው ምንም አላገኘም። የማይረባ ተክል ተባለና ካባው ተከፈተ። ሂዳያ ተመልሳ ስትመጣ ከጥሻው የተረፈው ነጭ አቧራ ነው፤ ምንጩም ጭቃ ያወጣል። ሙዘይን ናዳው አጠገብ ቁጭ ብሏል። ቀና ብሎ ሊያያት አፈረ።

«ልጄ፣ እኛው ነን ያጠፋን። ሳናየው ያለፍነው ትል ኖሮ ይሆን?»

እውነቱን ልትነግረው አፏን ከፈተች። እጆቹን አየች፤ እሾህ የቧጨራቸው ገና አልሻሩም።

«አይ አባ፣» አለችው፣ «አንድም አላመለጣችሁም።»