ከማን ጋር ነው የሚያጨሱት?

አባቴ የጉሮሮ ካንሰር እንዳለበት የነገሩት ወልድያ ውስጥ፣ ወረፋ በበዛበት አንድ የተመላላሽ ሕክምና ክፍል ነው። ዶክተሩ ዓይኑን ከውጤቱ ሳያነሣ፣ «ቀዶ ጥገናው ደሴ ይሠራል። ግን ሲጋራውን ያቁሙ። እያጨሱ ቁስሉ ቶሎ አይሽርም፤ እስኪያቆሙ ቀን አልይዝልዎትም» አለና ቀጣዩን ታካሚ ተጣራ። በቃ። ከእኔ ዕድሜ በላይ ያጨሰ ሰው፣ «አቁም» ስለተባለ ብቻ የሚያቆም ቢሆን ኖሮ እናቴ ገና ድሮ ባስቆመችው ነበር።

አባቴ አቡበከር መርሳ አጠገብ ግራና ላይ ፓፓያና ብርቱካን የሚያለማ ገበሬ ነው። ገበያ መሀል ቆሞ ሲጣራ ማዶ ድረስ ይሰማ የነበረው ድምፁ ያን ጊዜ ወደ ሹክሹክታ ወርዷል። በሚቀጥለው ቀጠሮ ዶክተሩ «አቆሙ?» አለው።

«አቆምኩ» አለ አባቴ። ጋቢው ግን ሲጋራ ሲጋራ ይሸት ነበር።

«ይዋሻሉ፤ ሲያቆሙ ይምጡ።»

ሕክምና ማለት ይህ ከሆነ እኔም ሐኪም ነኝ። ዩኒቨርሲቲ ሕግ ከማስተምር እዚያው ተቀምጬ «አቁሙ፣ ሂዱ» እያልኩ መዋል እችላለሁ። ዕጢው መቼም የአባቴን ቀጠሮ አይጠብቅም። እየነደድኩ አባቴን ይዤ የክፍሉ ኃላፊ አቶ ደሞዜ ዘንድ ገባሁ።

«የሱስ ነገር አእምሮ ሕክምና ነው የሚታየው። ሐሙስ ሐሙስ» አለኝ።

«የግራና ሰው አባቴን እዚያ በር ላይ ካየው በማግስቱ ገበያው ሁሉ ‹አቡበከር አበደ› ነው የሚለው።»

«እሱ የኅብረተሰቡ የግንዛቤ ችግር ነው።»

ይህችን ቃል የፈጠረ ሰው ስንቱን ኃላፊ ከሥራ ገላገለው! «የስኳር ታማሚ ሲመጣስ ስኳርህን ቤትህ አውርደህ ተመለስ ትሉታላችሁ?»

«መምህርት ሀፍሳ፣ ይሄ ችሎት አይደለም።»

«ችሎትማ ቢሆን ይግባኝ ነበረው!»

ጥግ ላይ መርፌ ስታዘጋጅ የነበረችው ነርስ፣ ሲስተር መቅደላ፣ ቀና አለች። «አቶ ደሞዜ፣ ካንሰር ተገኘብህ የተባለ ሰው በዚያው ቀን እዚሁ እናነጋግረው ብዬ ስንት ጊዜ ለመንኩ? በሉ እኚህን ለእኔ ይተዉልኝ» አለች። መልስም አልጠበቀች፤ አባቴን ወንበር ስባ አስቀመጠችው። እኔ ለምን እንደሚያጨስ ልትጠይቀው ነው ብዬ ነበር።

«አባባ፣ ከማን ጋር ነው የሚያጨሱት?»

አባቴ እንዲህ ተጠይቆ አያውቅም። ትንሽ አሰበ። «ከኢዘዲን ጋር። ዐስርን ሰግደን፣ እሱ ቤት፣ ጫት ላይ።»

«ብቻዎንስ?»

«ብቻውን ማን ይቅማል?»

«እንግዲያው ኢዘዲንን ይዘው ይምጡ።»

ኢዘዲን የልጅነት ጓደኛው ነው። መልእክቱን ሲሰማ ጮኸ። «እኔ ምን ሆኜ! ጉሮሮው ያንተ፣ በሽታው ያንተ!»

«ሲጋራው ግን ያንተ ነው» አለው አባቴ።

ያ ነገር ሳይቆረቁረው አልቀረም፤ ከመርሳ ሚኒባስ ይዘን ሦስታችንም ወልድያ ገባን። በሩ ላይ ደሞዜ እጁን ዘርግቶ አገደን። «ካርድ ያላወጣ አይገባም። እሳቸው ታማሚ አይደሉም።»

አባቴ ሊከራከር አፉን ከፈተ፤ ድምፅ እምቢ አለው። ጋቢውን ሰብሰብ አደረገና ደፉ ላይ ቁጭ አለ። ከኋላው ያለው ወረፋ ቀጥ አለ።

«አባት፣ ይነሡ እንጂ! መተላለፊያ ዘጉ!»

«አብሮ ካልገባ አልነሣም።»

«ኧረ አስገባቸው፣ እኛም እንግባበት!» አለች አንዲት ሴት ከወረፋው። ሌሎቹም ተቀበሏት።

ሲስተር መቅደላ ከውስጥ ወጣች። «ብቻቸውን አያጨሱም፤ ብቻቸውን እንዴት ያቁሙ?»

«እንዲህ ያለ አሠራር የለንም!»

«አሁን ይኑራችኋ!» አልኩት። ፊቱ ቀላ፤ ግን እጁን ከበሩ አነሣ።

እሷ ዘንድ ስብከት የለም። ቀዶ ጥገናው እስኪያልፍ ጫቱ ይቅር፣ ሲጋራ ከኢዘዲን ቤት ይውጣ፣ ከዐስር በኋላ ሁለቱም ፓፓያው ውስጥ ውሃ ሲያጠጡ ያምሹ ተባባሉ። ለሁለቱም እየደወለች ትጠይቃለች። «ካጨሱም ይንገሩኝ፤ አልቆጣም።»

«እንግዲያው ስልኩን ለሀፍሳ እንዳትሰጪ» አለ ኢዘዲን። «እሷ ሳትደውልም ትቆጣለች።»

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሁለቱ ሽማግሎች በቦይ ውሃ ተጣሉ፣ በአካፋ ተጣሉ፤ ጎረቤት አስታረቃቸው። አንድ ቀን አባቴ ስልክ ይዞ፣ «ትናንት ለቅሶ ቤት አንድ ለኮስኩ» ሲላት ሰማሁ። ለሐኪሙ የዋሸው ሰው! እሷም፣ «ለቅሶ ሲሄዱ ኢዘዲን ጎንዎ ይቀመጥ» አለችው እንጂ አልገሠጸችውም። ከዚያ ወዲህ ኢዘዲን ለቅሶ ቤት እንደ ጥላ ሆነበት፤ ሲጋራ የሚያቀርብ ሰው ሁሉ ከእሱ ጋር ተጋጠመ።

ዶክተሩ ዘንድ ስንመለስ ያው ጥያቄ መጣ። «አቆሙ?»

«እሱን ጠይቀው።»

«ወላሂ አቁሟል!» አለ ኢዘዲን። «እኔንም አስቁሞኝ ይሄው ከሰው ሁሉ ተጣልቻለሁ።»

ዶክተሩ ሳቀ፤ ወዲያው መረመረውና ደሴ ደውሎ የቀዶ ጥገናውን ቀን አስያዘ። አባቴ ግን ከወንበሩ አልተነሣም።

«ልጄ፣ ያችን ጥያቄ መጀመሪያ በመጣሁ ቀን ለምን አልጠየቅኸኝም?»

«የቷን?»

«ከማን ጋር የሚለውን። ያን ቀን ብትጠይቀኝ እስካሁን ተሠርቶልኝ ነበር።»

ዶክተሩ ስለ ወረፋው ብዛት አንድ ነገር ማለት ጀመረ። አባቴ የቀረችውን ድምፅ አሟጦ አቋረጠው፤

«ወረፋውንማ እኔም ጠብቄዋለሁ። የሚቀጥለውን ሰው ግን ሳትጠይቅ እንዳትሰደው።»